ጭራሮዋ እንዴት አደረች

ጥቅምት ፳፬ ቀን ፲፱፻፲፰ ዓ.ም.

ዛሬ ማዳም አራክሲ ሄደች። ድሬዳዋ፣ ልጇ ዘንድ ልትኖር። የስፌት መኪናዋን ለሁለት ሰው አሸክማ ወደ ባቡር ጣቢያ ከመውረዷ በፊት በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። ደጃፏ ላይ ሁለት ማሰሮ ተቀምጧል። በየክረምቱ ውሃ ለመቅዳት ስወጣ መንገድ ላይ ቆሜ የማያቸው አበቦች ናቸው።

«ድሬዳዋ ይሞታል። ሙቀት አይችልም፤ ቅጠሉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይወድቃል» አለችኝ። «አንዱን ለወንድሜ እሰጣለሁ። አንዱን አንተ ምረጥ።»

ይህን ሁሉ ዘመን አራዳ ኖራ የማዳም አማርኛ እስከ ዛሬ ወንድና ሴት አይለይም።

አንደኛዋ ራሷ ጠፍጣፋ ነው። መሐሉ ላይ እንደ ጤፍ የደቀቀ እምቡጥ፣ ዳር ዳሩን ብቻ ጥቂት አበባ። ሁለተኛዋ ሙሉ ናት፤ ክብ፣ ሰማያዊ፣ በሁለት እጅ የምትታቀፍ። አሁን ክረምቱ ስለወጣ ወይባለች፤ ቢሆንም ሙሉ ናት።

«ያቺ ጠንካራ ነው። ብርድ ቢመታት ይነሣል። ይኼ ቆንጆ ነው፤ ግን ብርድ ትፈራለች። የእናንተ ኅዳርና ታኅሣሥ ለእሱ ክፉ ነው።»

እጄ ወደ ቆንጆዋ ሄደ። ጠንካራዋን መውሰድ ነበረብኝ። እያወቅሁ።

ያለችኝን እንዳልረሳው ልጻፈው። ጠዋት ፀሐይ፣ ከቀትር በኋላ ጥላ። ውሃ አይቋረጥባት። ሌሊት ውርጭ ሲመጣ መሸፈን፣ ሲነጋ መግለጥ። የደረቀውን አበባ አናቷ ላይ መተው፤ ለሚቀጥለው እምቡጥ ቆብ ይሆነዋል። አመድ አለማስነካት፤ ሰማያዊ ያደረጋት የአራዳ ቀይ አፈር ነው፤ አመድ ካገኘች ቀለሟ ወደ ቀይ ይሄዳል። ከሁሉም በላይ ግን መቀስ አለመንካት። «ደረቀ ብለህ አትቁረጪ። የሚመጣው ዓመት አበባ አሁን በዚህ እንጨት ውስጥ ተኝቷል። እንጨቱን ከቆረጥህ ቅጠል ብቻ ታያለህ።»

ስሟ ኦርታንስ ነው አለችኝ። ሁለት ጊዜ አስደግማኝ ሄደች።

ይህን የምጽፈው አባይነህ ከማተሚያ ቤት በሚያመጣልኝ የወረቀት ቁራጭ ላይ ነው። ባሌ እዚያ ፊደል ለቃሚ ነው። በክር ሰፋሁት። አባቴ ቁም ጸሐፊ ለተክርስቶስ ፊደል ሲያስቆጥረኝ «ሴት ልጅ ጽፋ ምን ልትሆን?» ላሉት ሁሉ «ሐሳቧን ታራግፍበት» ይል ነበር። ነፍሱን ይማረው። ብዙ የሚራገፍ አለኝ።

ስለ ሌላው ነገር ግን አልጽፍም። ገና ነው። አምና ቶሎ ተናገርሁ። ካቻምናም።


ኅዳር ፪

ተከልኋት። ቦታ ለመምረጥ ሦስት ቀን ግቢውን ዞርሁ። ከባሕር ዛፉ ሥር ቢሆን ውሃውን ሁሉ እሱ ይጠጣባታል። ከደጁ ፊት ለፊት ቢሆን ነፋስ አለ፣ ዓይንም አለ። በመጨረሻ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ፣ በምሥራቅ በኩል። ጠዋት ፀሐይ ያገኛታል፣ ከቀትር በኋላ የጣሪያው ጥላ ይወርድባታል። ምድጃው ከግድግዳው ማዶ ስለሆነ ጭቃው ሌሊትም ሞቅ ይላል።

አማቴ እማማ የሺ ከበሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

«የሚበላ ነው?»

«አይደለም እማማ።»

«የሚጠጣ?»

«አይደለም።»

«መድኃኒት?»

«አበባ ነው እማማ። ለማየት ነው።»

«ለማየትማ እኔስ አለሁልሽ» አሉና ገቡ።

ጎረቤታችን ዐፊፋ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። የወሎ ሰው ናት፤ ፈትል ትሸጣለች፤ እንዝርቷ ከእጇ አይለይም። «ማሻአላህ! አንች፣ ይች ራስ የሙሽራ ጥላ አትመስልም?» አለች።

እማማ የሺ ከማድ ቤት ተስፈንጥረው ወጡ። «ዝም በይ! እንዲህ እያላችሁ ነው የምትፈጁት! ምን ጥላ ናት፤ ጭራሮ ናት። ሰማችሁ? ከዛሬ ጀምሮ ስሟ ጭራሮ ነው።»

በዚህ ቤት እንዲህ ነው። አባይነህ ራሱ እስከ ሰባት ዓመቱ ኩበት ይባል ነበር። ከእሱ በፊት የወለዷቸው ስላልቆዩላቸው፣ ዓይን እንዳያርፍበት። አሁንም ሲናደዱ «አንተ ኩበት» ያመልጣቸዋል። እሱም ይዞራል።


ኅዳር ፲፪

ሚካኤል። ከተማው ሁሉ ጥራጊውን ያቃጥላል። ከጊዮርጊስ ጀምሮ እስከ ዶሮ ማነቂያ ሰማዩ አይታይም። በየደጁ ክምር፣ በየክምሩ ሳል። በዚያ የበሽታ ዓመት እህቴን በዚህ ወር ነው የቀበርናት። ከዚያ ወዲህ ይህ ጢስ ሲሸተኝ እጄ ይቀዘቅዛል።

ጭሱ አጥወለወለኝ። አጥር ጥግ ሄጄ አስመለስሁ። ዐፊፋ አየችኝ። «ጢሱ ነው» አልኳት። «ጢሱ ነው» አለች እሷም። አልሳቀችም። ይህች ሴት የማትስቅበት ነገር ያስፈራኛል።

ማታ እማማ የሺ አመዱን እየጠረጉ በአሮጌ እንስራ ያጠራቅማሉ። ለምን ብላቸው «ዕቃ ማጠቢያ ነዋ» አሉኝ። ለዚህ ሁሉ አመድ ዕቃው የታለ?


ኅዳር ፲፰

እንስራውን ከጀርባዬ ላይ ወሰዱብኝ። «ከእንግዲህ ውሃ አትቀጅም። የምትቀጅውን ሁሉ ለዚያች ጭራሮ ነው የምታፈሽው!» ብለው ውሃ የምታመላልስ ሴት ቀጠሩ። በሰው ፊት። ቀኑን ሙሉ አኮረፍሁ። ለአንድ ቅል ውሃ ይህን ያህል? ለጠንካራዋ አበባ ይህን ያህል ውሃ ባላስፈለገም ነበር።


ኅዳር ፳፫

አመዳይ። ሜዳው ነጭ ሆኖ አደረ። ቅጠሎቿ ጠቆሩ። የቀረውን ማታ እጽፋለሁ።


በዚያው ቀን፣ ማታ

ጥፋቱ የእኔ ነው። ማዳም መሸፈን ብላኝ ነበር። እኔ ግን ብርዱ ገና ነው፣ ነገ እሸፍናለሁ፣ እያልሁ። ሁልጊዜ ነገ።

ቅጠሎቹ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተንጠልጥለዋል። ግንዱን በጥፍሬ ጫርሁት። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ነው። አለች። እምቡጦቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ቆመዋል፤ እንደ ተጨበጠ ጣት። ጫፍ ላይ ያሉት ጥቂቶች ጠቁረዋል፤ የቀሩት ግን እንደተዘጉ ናቸው።

አባይነህ ከሥራ ሲመለስ ሁለት ባዶ ጆንያ ከእህል ነጋዴ ይዞልኝ መጣ። አልጠየቅሁትም ነበር። በአንዱ ጭድ አምጥቼ እግሯ ሥር በተንሁት፤ አንዱን አለበስኋት። አንድ ቅርንጫፍ ግን እምቢ አለ። ከሁሉ ዝቅ ያለው፣ ወደ ጎን የተንጋደደው። ወደ ውስጥ ሳጥፈው ጆንያውን ይገፈትራል። ልቆርጠው አሰብሁና መቀስ አለመንካት የሚለው ትዝ አለኝ። መሬት አስተኝቼ መሐሉ ላይ የተሰበረውን የወፍጮ መጅ ጫንሁበት። ጭድና አፈር አለበስሁት። እዚያ ይተኛ። ለእሱ የሚሆን ጆንያ የለኝም።

የአምናውም የካቻምናውም፣ ሁለቱም በአምስተኛው ወር ነው የሄዱት። እንደ ጻፍሁት አልቆጥረውም። ይህን መስመር አልጻፍሁትም።


ታኅሣሥ ፮

ማታ አለብሳታለሁ፤ ጠዋት እገልጣታለሁ። ማድ ቤት ገብቼ እሳት ከማያያዜ በፊት። ቅጠሏ ሁሉ ረግፏል። አሁን ጭራሮ ብሎ የሚጠራት ሰው አይዋሽም።

ዐፊፋ በየጠዋቱ ከአጥሩ ማዶ «ጭራሮዋ እንዴት አደረች?» ትላለች። እኔም «ደህና አደረች፤ አንጓዋ አረንጓዴ ነው» ወይም «ጫፏ ትንሽ ጠቁሯል» እላታለሁ። አንዳንዴ መልሴን ሳልጨርስ ከእግሬ እስከ ራሴ አይታኝ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ትሄዳለች። ደግ ሴት ናት። ስለ አበባ ይህን ያህል የሚጨነቅ ሰው አላየሁም።

እማማ የሺም ይጠይቃሉ፤ ግን ወደ ግድግዳው እያዩ፣ ለእኔ እንዳልሆነ አድርገው። «ያች ጭራሮ አደረች?»


ታኅሣሥ ፲፬

ዛሬ ሳላስበው የሰማሁት። ማድ ቤት ነበርሁ፤ እነሱ በውጭ በኩል።

እማማ የሺ፦ «የካቲትን ካለፈች፣ ከዚያ ወዲያ አልፈራም።»

ዐፊፋ፦ «ኢንሻአላህ ታልፋለች። ዘንድሮ ፊቷም ሌላ ነው።»

«ፊቷን አትጥሪብኝ!»

«እሽ፣ እሽ። የጭራሮዋ ፊት አስቀያሚ ነው። ይበቃል?»

ሳቁ። እኔም ማድ ቤት ሆኜ ፈገግ አልሁ። እማማ የሺ ለአበባዬ ይህን ያህል ማሰባቸውን አላውቅም ነበር። እውነት ነው፤ ውርጩ በየካቲት ያበቃል።

ግን ግንድ ፊት አለው እንዴ?


ታኅሣሥ ፳፱

ልደት። ሰው በዝቷል። መቀነቴን ላላ አድርጌ ታጠቅሁ፤ ጋቢ ደረብሁ። ብርድ ነው አልሁ። በእውነትም ብርድ ነው። አባይነህ ከተቀመጠበት ሆኖ ያየኛል። ሳየው ይዞራል። የፊደል ለቃሚ ዓይን ነው ያለው፤ ፊደሉን ሁሉ ተገልብጦ ነው የሚያነበው። ከእኔስ ምን አንብቦ ይሆን? ምንም አይልም። እኔም።


ጥር ፰

መጻፍ አለብኝ፤ ካልጻፍሁት አልተኛም።

ለጥምቀት የሚሆን ልሸምት ጠዋት ገበያ ወረድሁ። ግቢው እንዲጸዳ እማማ የሺ ሐዱሽ የሚባለውን እንጨት ፈላጭ አስገብተው ነበር። ከትግራይ በቅርቡ የመጣ፣ ዝምተኛ፣ ሥራውን አክባሪ ሰው ነው።

ስመለስ ማድ ቤቱ በጢስ ታፍኗል። እማማ የሺ ምድጃው ላይ ተደፍተው ይነፋሉ፣ ይሳደባሉ። «ምን ዓይነት ጭራሮ ነው ይኼ? እምቢ አለ እኮ! ያጨሳል እንጂ አይነድም!»

ወደ እሳቱ አየሁ። በግቢያችን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት የሚቆም አንጓ ያለው እንጨት አንድ ብቻ ነው።

በእጄ ነው ያወጣሁት። ጣቴ ተላጠ።

ከማድ ቤቱ ጀርባ ጆንያው በወግ ታጥፎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሐዱሽ ነው ያጠፈው። ከእሷ ከስንዝር በታች የሆኑ ጉቶዎች ብቻ ቀርተዋል፤ ሥራው ንጹሕ ነው፤ አንዱም አልተሰነጠቀ። መጥረቢያውን ይዞ ቆሟል።

«እትየ፣ ከጓሮ ጭራሮ አምጣ አሉኝ። ብዙ እንጨት ነው ያለው፤ የትኛው እንደሆነ አላወቅሁም። ጭራሮዋ የታለች ብዬ ጠየቅሁ። እኚያ እመቤት ናቸው ያሳዩኝ።»

ዐፊፋ አጥሩ ላይ አፏን ይዛ ቀርታለች። «እኔ ነኝ» አለች። «ጭራሮዋማ ያችውልህ፣ ጆንያ ለብሳ የተኛችው አልሁት። እኔ… ሰላም ሊላት መስሎኝ!»

ሌላ ቀን ቢሆን ያስቀን ነበር።

እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር። አልቅሼም ነበር መሰለኝ። ሐዱሽ ወደ አንዱ ወደ አንዱ እያየ ቀስ ብሎ «ሰው ናት እንዴ?» አለ።

ከዚያ እማማ የሺ መጡ። ከእጄ ላይ አንዱን እንጨት ወስደው ጫፉን አገላብጠው አዩት። ውስጡ እርጥብ ነው፤ አረንጓዴ። «ደረቅ ቢሆን ይነድ ነበር» አሉ። «ሕያው ስለሆነ ነው ያጨሰው።» ዓይናቸው ቀልቶ ይፈስሳል። ጢሱ ነው። እንዲህ ያለ ጢስ ዓይን ያጠፋል።

«ተነሺ» አሉኝ። «ከብርድ መሬት ላይ ተነሺ። አሁኑኑ።» እንዲህ ጮኸውብኝ አያውቁም።


ጥር ፲

ከተራ። ታቦቱ ወርዷል። አልወጣሁም። እማማ የሺም እንድወጣ አልፈቀዱም፤ ግፊያ ነው አሉ።

ሆዴን እይዛለሁ። ዝም ብሏል። ዝም ብሏል።


ጥር ፲፫

ሐዱሽ መጣ። የባሕር ዛፍ ጭራሮ፣ በጀርባው ሊሸከመው የሚችለውን ያህል፣ በልጥ አስሮ አምጥቶ በማድ ቤቱ ግድግዳ አስደገፈው። ደረቅ፣ የተመረጠ። ዋጋ አልጠየቀም፤ ቀና ብሎም አላየኝ። ሲወጣ ጉቶዎቹ አጠገብ ሲደርስ ዞር ብሎ ነው ያለፈው፤ መቃብር እንደሚታለፍ።

ከእሱ አንድ ልስብ ስል እማማ የሺ እጄን መቱኝ። «አትንኪው! ለገንፎ ነው።»

የማን ገንፎ እንደሆነ አልነገሩኝም። ዘንድሮ በዚህ ግቢ የምትወልድ የለችም። ማለቴ፣ እሳቸው እስከሚያውቁት።


ጥር ፳

ዐፊፋ ዛሬም «ጭራሮዋ እንዴት አደረች?» አለችኝ።

አንድ ጊዜ ሲሆን ልማድ ነው ብዬ ተውሁት። ሁለተኛ ሲሆን ረስታ ነው አልሁ። ከዚያ ወዲህ ግን በየማለዳው ነው። ያስቆረጠቻትን መልሳ ትጠይቀኛለች። እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ አተኩራ ታዳምጣለች። መልስ ሳልሰጥ እገባለሁ። እሷ ደግሞ ቆማ ትቀራለች።

ሰው እንዴት እንዲህ ይጨክናል?


የካቲት ፫

ዛሬ ብዙ ሆነ። ከየት ልጀምር?

ጠዋት ተነሥቼ ጉቶዎቹን ሳያቸው አንዳቸውም አላቆጠቆጡም። አምስተኛው ወር ከላዬ ላይ ሊያልፍ ነው፤ ወይም ሊያልፍ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ማሰቤ ራሱ ያስፈራኛል። በዚህ መሐል ዐፊፋ ስሜን ጠርታ፦ «እፁ! ጭራሮዋ እንዴት አደረች?»

ቅሉን ወረወርሁት። «ተቆርጣለች! አንቺ ነሽ ያስቆረጥሻት! በእሳት አጨሳችኋት! ምን ትጠይቂኛለሽ በየቀኑ?»

እንዝርቷን ያዘችው። ፊቷ ላይ ያለውን ጭንቀት እስከ ዛሬ እንዴት እንዳላየሁት አላውቅም።

«የአበባዋን ነው እንዴ የምትመልሽልኝ የነበረው?» አለች።

«ታዲያ የምኑን?»

ወደ ቤታችን በር አየች። ከዚያ በጣቷ፣ በአጥሩ ክፍተት በኩል፣ ወደ መቀነቴ አመለከተች። ሳትነካኝ።

«አንች፣ ከኅዳር ሚካኤል ጀምሮ እኮ ነው የምጠይቅሽ። አማትሽ ናቸው ያሉኝ። ነገሩን በስሙ አትጥሪው፣ አበባዋን የምትጠይቂ ምሰይ አሉኝ። አንችም ደግሞ ‹ጫፏ ጠቁሯል› ስትይኝ ቀኑን ሙሉ እንዝርቴ አልዞር እያለ ነው የምውለው!»

ከዚያ ሳቅ መጣብኝ። ከዚያ ልቅሶው። እሷም። በአጥሩ ማዶና ማዶ ሆነን።

ለካ ውሃውን የከለከሉኝ። ለካ ከብርድ መሬት ተነሺ ያሉኝ። የካቲትን ካለፈች ያሉት። ለካ ገንፎው።

ከሁሉም ሰውሬ የኖርሁ መስሎኝ ነበር። ሁሉም ማወቃቸውን ከእኔ ሰውረው ኖረዋል።


በዚያው ዕለት፣ ማታ

ለአባይነህ ነገርሁት። ስም ስለበዛብን ነው አበባዋ የተቆረጠችው። ስውር ስም ሰጥተናት፣ የማያውቅ ሰው ባገኘው ስም ጠራት። ስለዚህ ደረቅ አድርጌ በራሱ ቃል ነገርሁት። አርግዣለሁ። አምስት ወር ሊሞላኝ ነው።

ወደ እጁ አየ። በጣቱ መስመር ሁሉ ቀለም ገብቶበታል፤ አይለቅም።

«አውቃለሁ» አለ። «ካልነገርሽኝ ያልሆነ ያህል ነው ብዬ ነው።»

ከዚያ ጣቱን እያሸ፦ «ሁለቱንም ጊዜ ስም አውጥቼላቸው ነበር። ለማንም አልተናገርሁም። የፊደል ሣጥኑ ፊት ቆሜ ለቅሜ አነበዋለሁ፤ ከዚያ ፊደሎቹን ወደየቦታቸው እመልሳለሁ።»

ይህን ሁሉ ዓመት አንድ አልጋ ላይ።

ለዚህኛው ያወጣውን ስም ጮክ ብሎ እንዲነግረኝ ጠየቅሁት። ነገረኝ። ከመጋረጃው ማዶ እማማ የሺ ሳሉ፤ መስማታቸው ነው። አልተቆጡም።


የካቲት ፲፮

የበልግ ዝናብ ጀመረ። ቆርቆሮው ሲጮህ አደረ።

ግቢ ሳጸዳ ጉቶዎቹ አጠገብ ያለውን ጭድ በእግሬ ገፋሁት። መጁ ታየኝ። ረስቼው ነበር። ያ ጆንያ የማይበቃው፣ የተንጋደደው ቅርንጫፍ! ሐዱሽ አላየውም፤ አፈርና ጭድ ለብሶ ነበርና።

በጣቴ ቀስ ብዬ አፈሩን ገለጥሁ። ከድንጋዩ ሥር፣ ግንዱ ከመሬት በተነካካበት፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ ሥር አውጥቷል። ጫፉ ላይ ጥንድ እምቡጥ አለ። ያምናው እንጨት ነው። አልተቆረጠም። ብርድም አላገኘውም።

አፈሩን መለስሁ። መጁንም መለስሁ። ለማንም አልነገርሁም፤ ትንሽ ጊዜ ለብቻዬ ልያዘው ብዬ። ከዚያ ግን ያ ሌላው ዝምታ ትዝ አለኝና ሮጬ ሄጄ ለእማማ የሺ ነገርኋቸው። መሮጤን ነው የተቆጡት።


መጋቢት ፰

ጾም ነው። እማማ የሺ ራሳቸው ቄሱ ዘንድ ሄደው አስፈቅደውልኛል። ወተቱን ሲያቀብሉኝ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ እሳቸው እንዳይጎመጁ ሳይሆን እኔ እንዳላፍር።

ቅርንጫፉ ቅጠል አወጣ። ጉቶዎቹም ከሥር አቆጠቆጡ። እነዚያ ዘንድሮ ቅጠል ብቻ ናቸው፤ ለከርሞ ግን እንጨት ይሆናሉ። ሐዱሽ ለሥራ ሲያልፍ ጠርቼ አሳየሁት። ተንበርክኮ አየ። «ሰው ናት» አለ፣ ለራሱ። አሁንም ሲሄድ ዞር ብሎ ነው ያለፈው፤ በሌላ አካሄድ ግን።

ዐፊፋ ትጠይቀኛለች። «ደህና አደረች» እላለሁ። ለሁለቱም ይሆናል።

ፍርሃቱ አልሄደም። ጠዋት ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ይነሣል። ግን አሁን ከሌሎች ጋር ነው የምፈራው፤ ለብቻ ከመፍራት ይቀላል።


ሚያዝያ ፲፩

እምቡጡ ራስ ሆነ። አንድ ብቻ። ጨብጦ የያዘው ገና አረንጓዴ ነው። ቀትር ላይ ቅጠሏ ይተኛል፤ ማታ ይነሣል። የቀጠሯት ሴት የምታመጣውን ውሃ እማማ የሺ ራሳቸው በቅል ያጠጧታል። «ቅል አትወርውሪብኝ እንጂ» ይሉኛል።


ሚያዝያ ፳፯

ፋሲካ አለፈ። ዛሬ ጠዋት ስገልጣት (ልማድ ሆኖብኝ አሁንም ጠዋት መሄዴን አልተውሁም፤ የሚገለጥ ነገር ግን የለም) የመጀመሪያዎቹ ተከፍተዋል።

ሰማያዊ አይደለችም።

ቀርቤ አየኋት። እንደ ሕፃን ተረከዝ ያለ ቀለም ነው፤ ያልረገጠ ተረከዝ። የሌላ ሰው አበባ የበቀለችብኝ መሰለኝ። ከዚያ ተንበርክኬ፣ አሁን መንበርከክ ቀላል አይደለም፣ ከሥሯ ያለውን አፈር በጣቴ ጫርሁት። ከላይ ቀይ ነው። ከሥሩ ግራጫ፣ ከዚያም ሥር ግራጫ። አመድ። ብዙ አመድ፣ በስሱ በስሱ የተነጠፈ፣ የአንድ ክረምት ሳይሆን የአንድ በጋ ሙሉ አመድ። ያ እንስራ።

እማማ የሺ ከማድ ቤት ወጡ።

«እማማ፣ እዚህ አመድ የጣለ ማነው?»

«ምን አመድ?»

«ይኼዋ።»

«ታዲያ ከምድጃ ስጠርግ የት ልድፋው?» አሉ። ቆፍጠን ብለው ቆሙ፤ ከዚያ ቆፍጠን ማለቱን መቀጠል አቃታቸው። «ውርጭ ነው ስትይ ሰማሁሽ። እግሯን እንዲያሞቃት ብዬ ነው። በየማታው፣ ትኩሱ ወጥቶለት ለብ ሲል። ከፋብሽ?»

አበባዋን አየሁ። ማዳም አመድ አታስነካው ብላኝ ነበር። ይህ ግን እሷም የማታውቀው ነገር ነው።

«ቀለሟን ቀየረው» አልኳቸው።

«አበላሸሁት?»

«አይ። ያማረች ሆነች።»

አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ የተናገርሁት እኔ፣ አፍ የተያዘው የሳቸው። ዝም በይ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። ወደ አጥሩ፣ ወደ ሰማይ፣ ወደ እኔ አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ስርቆት፦ «አዎ። አማረች» አሉ።

በዚህ መሐል ከአጥሩ ማዶ እንዝርቱ ሲዞር ተሰማ።

«እፁ! ጭራሮዋ እንዴት አደረች?»

እጄን ከአፈሩ ላይ አንሥቼ ሆዴ ላይ አደረግሁት።

«ስትራገጥ አደረች» አልኳት።